የምክር ዓምድ፦ ሁዳዴን ጾሜ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ስሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በሂሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ከጥምቀት ማግስት ብመዘን 84 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ደንግጬ ጂም ተመዘገብኩ፣ እንጀራና ዳቦ እርግፍ አድርጌ ተውኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቲም መግባት ጀመርኩ። በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ከ200 ግራም ቀነስኩ። ደስታዬን አልነግርዎትም! ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ ተገትሮ ቀረ። ጭራሽ አንድ ክርስትና ቤት ውዬ ብመጣ ግማሹ ተመለሰ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ 82 ኪሎ ተኩል ነበርኩ። 55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየሁ ጾምኩ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። የፋሲካ ዋዜማ ብመዘን 84 ተኩል። ከበዓሉ ሳምንት በኋላ ደግሞ 86። ጾሞ የሚወፍር ሰው ሰምተው ያውቃሉ? ወጪውም አልቀረልኝ፤ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ፣ አራት ሰው ብቻ ሆነን በጾሙ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ዘይት በ20 ቀን እያለቀ ኪሳችን ተራቆተ።

የጂሙ አሠልጣኝ ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ እንድሮጥ ይመክረኛል፤ ስቡ ቀልጦ በላብ ይወጣል ይላል። አንዲት የቢሮ ባልደረባዬ ከውጭ የሚመጣ የማቅጠኛ ሻይ ትሸጣለች፤ የአንድ ወሩ 4,500 ብር ነው፣ እሷ ጠጥታ ቀንሳለች። እናቴ ደግሞ «ከስተሽ ሰው ምን ሊለኝ ነው? በሽታ ያዛት ሊሉ ነው?» እያለች ሳህኔ ላይ ትጨምርብኛለች። የታናሽ እህቴ ሠርግ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሽሮ ሜዳ የሚሰፋው ቀሚሴ ልኬት በዚህ ሳምንት ይፈለጋል። ባለሁበት ይሰፋ ወይስ በምቀንሰው ልክ? ሻዩንስ ልግዛ? ለመሆኑ ይህ ስብ የሚባለው ነገር ሲሄድ የሚሄደው ወዴት ነው?

ሚዛን የጠላሁ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። እሱ ከተመለሰ ላስቲኩም፣ ስቲሙም፣ ሻዩም አብረው ይመለሳሉ።

ስብ አይቀልጥም። ቅቤ ድስት ውስጥ ቢቀልጥ ያው ቅቤ ነው፤ ከኪሎው የሚጎድል የለም። ሰውነትሽ ስብን የሚያጠፋው በማቃጠል ነው። የቡናውን ከሰል አስቢው፦ ምድጃውን ሞልተሽ ታቀጣጥያለሽ፣ በረካው ሲደርስ የሚቀርሽ አንድ እፍኝ አመድ ነው። ያ ሁሉ ከሰል አልቀለጠም፣ አልፈሰሰም። ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ፣ ዓይንሽ በማያየው ጋዝ መልክ በመስኮት ወጥቶ ሄደ። የሰው ስብም እንዲሁ ነው፤ አመድ እንኳ የለውም። ከተከማቸበት ይለቀቃል፣ በደም ተጭኖ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች አካላት ይደርሳል፣ እዚያ ከምትተነፍሺው ኦክሲጅን ጋር ይቃጠላል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሂሳቡን በኪሎ ሠርተውት ነበር። 10 ኪሎ ስብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 29 ኪሎ ኦክሲጅን ይፈጃል፤ 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 11 ኪሎ ውሃ ይወጣዋል። ከ10 ኪሎው ስብ 8 ኪሎ ከ400 ግራሙ በሳንባ ተንፍሶ ይሄዳል፤ በሽንት፣ በላብና በትንፋሽ እርጥበት የሚወጣው የቀረው 1 ኪሎ ከ600 ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሐኪሞችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችንና የስፖርት አሠልጣኞችን ሲጠይቁ አብዛኞቹ መልሱን ስተውታልና በአሠልጣኝሽ ብዙ አትፍረጂ። ላስቲኩን ግን አውልቂው። ከሥሩ የሚንቆረቆረው ላብ ውሃና ጨው ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲወጣ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ይወርዳል፣ አንድ ሊትር ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል። ስቲሙም እንደዚያው። (እንግዲያውስ ቶሎ ቶሎ ልተንፍስ ካልሽ ደግሞ ራስሽን ያዞርሻል እንጂ ስብ አይነካም። ትንፋሽ የጭሱ መውጫ ነው፤ እሳቱ ያለው ውስጥ ነው።)

አሁን ወደ ሚዛንሽ። ሰውነት ሁለት ማስቀመጫ አለው በዪ፣ መሶብና ጎተራ። መሶቡ ለዛሬና ለነገ የሚሆን ነው፦ ግላይኮጅን የሚባል፣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጥ የስኳር ክምችት፤ ሲሞላ 500 ግራም ገደማ። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ በአንድ ጊዜ ስታቋርጪ ቀድሞ የሚራገፈው ይሄ መሶብ ነው፤ ከነውሃው እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። የምትወስጂው ጨውም አንሶ፣ አንጀትሽ ውስጥ ያለው ምግብም ቀንሶ፣ በላዩ ስቲም ተጨምሮበት 3 ኪሎ ከ200 ቢወርድ አያስደንቅም። ክርስትና ቤት ውለሽ ስትመጪ መሶቡ ተሞላ፣ ውሃውም ከነጓዙ ተመለሰ። ያን ዕለት አልተሸነፍሽም። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ያን ያህል አላሸነፍሽም ነበር።

ጎተራው ስቡ ነው። ከጎተራው አንድ ኪሎ ለማጉደል ከምትበይው በላይ 7,700 ካሎሪ (ካሎሪ የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ማቃጠል አለብሽ። ይህችን ቁጥር ያዢልኝ፤ የሂሳብ ሰው ነሽና ብዙ ወሬ ታጣሪበታለሽ። ለምሳሌ ከፋሲካ ወዲህ በአንድ ሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ጨመርሽ። ሁሉም ስብ ቢሆን ከወትሮው ፍላጎትሽ በላይ በየቀኑ 1,650 ካሎሪ መብላት ነበረብሽ፤ ይህ የአንድ ሙሉ ቀን ምግብ ያህላል። ዶሮ ወጡም ክትፎውም ቢጣፍጥ ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ መብላት ይከብዳል። አብዛኛው ጨው፣ ውሃና የተሞላ መሶብ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይወርዳል።

የጾሙ 2 ኪሎ ግን ከዚህ ይለያል፤ ረዘም ባለ ጊዜ ቀስ እያለ የመጣ ነው። ስብ ነው ብለን እናስላው። በ55 ቀን 15,400 ካሎሪ፣ በቀን 280 ትርፍ። ከየት እንደመጣ ራስሽ ጽፈሽልኛል፣ ስለ ወጪ ስታማርሪ። 5 ሊትር ዘይት፣ አራት ሰው፣ 20 ቀን። 5,000 ሚሊ ሊትርን ለ80 ስታካፍዪው ለአንድ ሰው በቀን 62 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፣ ማለትም ከአራት የሾርባ ማንኪያ በላይ። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው። ስለዚህ እንጀራው ሳይቆጠር፣ ሽሮው ሳይቆጠር፣ ከዘይት ብቻ በቀን 500 ካሎሪ! የተወሰነው መጥበሻ ላይ ቢቀር እንኳ 280ዋን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሥጋና ቅቤ አልነበረም ማለት ቅባት አልነበረም ማለት አይደለም። የሱፍም ሆነ የወይራ፣ ዘይት በካሎሪ ከተነጠረ ቅቤ አያንስም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትሽስ? በዚያ ሰዓት ሰውነትሽ በእርግጥ ከጎተራው እየቀዳ ነበር። ማታ በተረፈው ደግሞ መልሶ ሞላው። ሚዛን ላይ የሚታየው የቀኑና የሳምንቱ ድምር እንጂ የሰዓቱ ርዝመት አይደለም። ጾሙን በዚህ አትለኪው፤ የተደነገገው ለወገብ አይደለም።

ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። የቢሮ ሻይሽ ስኳሩ ስንት ነው? አንድ የሻይ ማንኪያ 16 ካሎሪ ነው፤ በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሁለት ሻይና በሁለት በሁለት ማንኪያ የሚወርድ ሦስት ስኒ ቡና 190 ገደማ ይደርሳል። ቡናው ሲፈላ ቆሎው ይዞራል? ወጥ ስትቀምሺ፣ የተረፈ እንዳይጣል ስትዪ የምትጎርሺውስ? እነዚህን «በላሁ» ብሎ የሚቆጥር ሰው የለም። ሌላው ጥያቄ ጠበቅ ያለ ነው፦ የምትወስጂው የወሊድ መቆጣጠሪያ አለ? በተለይ የሦስት ወሩ መርፌ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። የወር አበባሽ ይዛባል? አንገትሽ ላይ እብጠት፣ ከሌላው ሰው የበለጠ ብርድ፣ ድካምና የሆድ ድርቀት አለ? ካለ ከጂም በፊት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ይታዘዝልሽ። ባይኖርም ደም ግፊትሽንና በባዶ ሆድ የሚለካውን የደም ስኳር ማወቁ ባለሽበት ክብደት ተገቢ ነው።

ሻዩን አትግዢው። የማቅጠኛ ሻይ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፣ እናቶቻችን ለሆድ ድርቀት የሚያውቁት። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ ግን ከዚያ በፊት ቀጭኑ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። የሚወጣው ውሃና እንደ ፖታሲየም ያለ ማዕድን ነው። ሲደጋገም አንጀቱ ያለ ሻዩ አልሠራም ይላል፣ የፖታሲየም መጉደል ደግሞ የልብ ምት ያዛባል። የባሰም አለ። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው ከሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ባልደረባሽን ማስቀየም እንደማትፈልጊ ይገባኛል፤ በየቀኑ ፊት ለፊት ትቀመጣላችሁ። «ሐኪም ሳላማክር ምንም አልወስድም ብያለሁ» ካልሻት ይበቃል። ከቻልሽ እሷንም ልቧ ይደልቅ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይነሳት እንደሆነ ጠይቂያት።

ተስፋሽን ልቀንስብሽ ሳይሆን ልኩን ልንገርሽ። በ86 ኪሎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሚዋል ሥራ፣ ሰውነትሽ በቀን 2,150 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ከዚህ 500 ብታጎድዪ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። በአምስት ሳምንት ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ስብ፣ በላዩ የፋሲካው ውሃ ሲራገፍ 83 አካባቢ ትደርሻለሽ። ከዚህ በላይ ቸኩለሽ ብትራቢ ሰውነት ዝም ብሎ አያይም። የስብ ሕዋሳት ሲሟሽሹ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አንጎል ጎተራው ጎደለ ብሎ ረሃቡን ያጠነክራል፣ ወጪውን ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እያበላ አጥንቶ ነበር። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ግን ይበርዳቸው ጀመር፣ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማውራትና የምግብ አሠራር ማገላበጥ ሆነ ሥራቸው። እንጀራ እርግፍ አድርገሽ በተውሽበት ሰሞን ሌሊት እንጀራ አልታየሽም? ያ የቁርጠኝነት ማነስ አይደለም።

ስለዚህ እንጀራውን መልሺው። የቤታችሁን አንድ እንጀራ ሰፈር ሱቅ ወስደሽም ቢሆን አንዴ መዝኚው። 100 ግራሙ 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንዱ 350 ግራም ከመዘነ 525 መሆኑ ነው። አንድ ሙሉ ከምትበዪ ሁለት ሦስተኛውን አድርጊ፤ የጎደለውን ቦታ ጎመን፣ ሰላጣና ወፈር ያለ ምስር ይሙላው። ከምግቡ ውስጥ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቀይ ሥጋ፣ ከእነዚህ አንዱ በየማዕዱ አይጥፋ። ፕሮቲን ጡንቻሽን ይጠብቃል፣ ቶሎም ያጠግባል። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ እንቁላሉ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

ዋናው ሥራ ግን ድስቱ ላይ ነው። ዘይት ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት አይንቆርቆር። ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ያለ ዘይት፣ መለስተኛ እሳት ላይ አቁላዪ፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ አድርጊበት። ቀለሙ ሲለወጥ ለአራት ሰው አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለክተሽ ጨምሪ፣ ከዚያ በርበሬውን። ቅባቱ ስለሚያንስ በርበሬው ቶሎ ያርራል፤ እሳቱን ቀንሰሽ ውሃውን ትንሽ በትንሹ ጨምሪ። ብዙ ሰው «ያለ ዘይት አይጣፍጥም» የሚለው እዚህ ላይ ቸኩሎ ቁሌቱን ጥሬ ስለሚያስቀረው ነው። በቀን ሁለት ማዕድ ቢሠራ ለአራታችሁ ስምንት ማንኪያ ይሆናል፤ ጀሪካኑ 40 ቀን ይደርሳል ማለት ነው። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት። ከ40 ቀን በፊት ካለቀ አንድ ሰው ሳይለካ እየጨመረ ነው። ከዘይቱ 250፣ ከእንጀራው 175፣ ከስኳሩ 100 ሲቀነስ 500ው ሞላ፤ ራት መዝለል አላስፈለገም።

ጂሙን አትተዪ፣ ግን ከእሱ ብዙ ስብ አትጠብቂ። በአንቺ ክብደት አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ከመቀመጥ በላይ 200 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው፤ አንድ ጠርሙስ ቢራና አንድ እፍኝ ቆሎ ይመልሰዋል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት፣ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም እንዳያቃጥል ያደርጋል። ሆድ ብቻ ላይ የሚሠራ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያነሳም፤ ከየት እንደሚቀዳ የሚወስነው ሰውነትሽ ነው።

ሚዛኑንም በአግባቡ ተጠቀሚበት። ጠዋት፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ። በሳምንት ሦስት አራቴ መዝነሽ አማካዩን ውሰጂ፤ የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ጋር አስተያዪ። የወር አበባሽ የሚመጣበትን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አታወዳድሪ፤ ውሃ ብቻውን ኪሎ ከዚያም በላይ ያነሳል። በትክክል እየለካሽ አራት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ያ ራሱ ለሐኪም የሚነገር መረጃ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያት። በእሷ ዘመን መክሳት የችግርና የበሽታ ምልክት ነበር፤ ወዝ ያለው ሰው ደግሞ የደላው። ስጋቷ ስለ ሰፈሩ ወሬ ብቻ ይመስልሻል? ወይስ አንድ የከሳ ሰው ተቀብሮባት ያውቃል? አንድ ቀን ቡና ላይ ጠይቂያት። ስለ ቁንጅና ሳይሆን ስለ ግፊትና ስኳር አንስተሽ ንገሪያት፣ ከዚያ ማንኪያውን ለእሷ ስጪያት። ዘይቱን የምትለካው እሷ ትሁን። «አፈር ስሆን» ብላ ለምትዘረጋው ጉርሻ ደግሞ ቀድመሽ ከራስሽ ሳህን ቦታ ተዪለት፤ ጉርሻውን እምቢ ከማለት ሦስት ጉራሽ አሳንሶ መቅረብ ይቀላል።

ቀሚሱ ባለሽበት ልክ ይሰፋ። ሁለት ኪሎ ተኩል ስትቀንሺ ወገብሽ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢገባ ነው፣ ያ ደግሞ በአንድ ጠዋት ስፌት የሚጠብ ነው፤ የጠበበ ጥልፍ ግን ጨርቁ ከሌለ አይሰፋም። ልብስ ሰፊውን ግራና ቀኝ የጎን ስፌቱ ላይ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ እንዲተውልሽ ንገሪው። ለመጨረሻው ልኬት ሠርጉ አራት አምስት ቀን ሲቀረው ሂጂ፤ ጠዋት ይሁን፣ ከግብዣ ማግስት ግን አይሁን።